ማዕረግ ሲጠራ ምን እንጠይቅ? የመኳንንትን መደብ በታሪክ፣ በመንግሥትና በሥነ ጽሑፍ ለማንበብ የሚረዳ መመሪያ

ጄን ኦስተን በ1813 ባሳተመችው «ኩራትና ጭፍን ፍርድ» ውስጥ ሚስተር ዳርሲ በዓመት 10,000 ፓውንድ ገቢ ያለው፣ ሰፊ መሬት የሚያስተዳድርና በሄደበት ሁሉ የሚከበር ሰው ነው፤ ይሁን እንጂ አንዳች የማዕረግ ስም የለውም። በዚያው ልብ ወለድ «ሰር» እየተባለ የሚጠራው ዊልያም ሉካስ ግን በንግድ ገንዘብ ያፈራ የትንሽ ከተማ ሰው ሲሆን፣ ከንቲባ ሳለ ለንጉሡ ባቀረበው ንግግር ምክንያት የናይትነት ማዕረግ ያገኘ ነው። በማዕረግ ስም ብቻ ደረጃ የሚያወጣ አንባቢ ሉካስን ከዳርሲ በላይ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላም በዳንሱ አዳራሽ ውስጥ ማን ለማን እንደሚያጎነብስና ማን ማንን እንደሚንቅ ሊገባው አይችልም።

እንዲህ ያለው ስሕተት በልብ ወለድ ብቻ የሚወሰን አይደለም። የታሪክ መጻሕፍትን ስናነብም መስፍን፣ ባሮን፣ ኮንት የሚሉ ስሞችን በተርታ በቃላችን ከያዝን የመኳንንቱን ሥርዓት ያወቅነው ይመስለናል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ያነበብሁት በዚህ መንገድ ነበር። ውሎ አድሮ የተረዳሁት ነገር ቢኖር ማዕረግ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታይ፣ ግን ከሁሉ በኋላ መመርመር ያለበት ነገር መሆኑን ነው። አስቀድመው መጠየቅ ያለባቸው ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፤ ይህ ሰው የሚኖረው ከምንድን ነው? ሕጉ ከሌላው ሰው የሚለየው በምንድን ነው? ሲሞትስ ለልጁ የሚያልፈው ምንድን ነው? የዚህ መመሪያ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች በታሪክ መዝገብ፣ በመንግሥት አወቃቀርና በልብ ወለድ ላይ እንዴት እንደምንጠቀምባቸው ማሳየት ነው። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከቃላቱ መጀመር

ከጥያቄዎቹ በፊት ግን በእጃችን ያሉትን ቃላት መፈተሽ ያስፈልጋል። «አሪስቶክራሲ» የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የምርጦች አገዛዝ ማለት ነው። አርስጣጣሊስ መንግሥታትን ሲመድብ ጥቂቶች ለጋራው ጥቅም የሚገዙበትን ሥርዓት በዚህ ስም ጠራው፤ እነዚያው ጥቂቶች ለራሳቸው ጥቅም ሲገዙ ደግሞ ኦሊጋርኪ አለው። ስለዚህ ቃሉ መጀመሪያ ላይ ስለ አገዛዝ የተሰጠ ፍርድ እንጂ የአንድ የቤተሰቦች ስብስብ መጠሪያ አልነበረም። በጥንታዊ ጽሑፍ ውስጥ ስናገኘው ጸሐፊው የሚናገረው ስለ አገዛዝ ዓይነት ነው ወይስ ስለ ትውልድ ብለን መጠየቅ አለብን፤ ሁለቱን የሚቀላቅል አንባቢ የፕላቶንን ፈላስፋ ገዥዎች ከፈረንሳይ ባለርስቶች ጋር አንድ ያደርጋቸዋል።

በአማርኛ የተተረጎመ ወይም የተጻፈ ነገር ስናነብ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለዚህ መደብ መጠሪያ የሚሆኑ ቢያንስ ሦስት ቃላት አሉን፤ ሦስቱም የየራሳቸውን ታሪክ ይዘው ይመጣሉ። መኳንንት የሚለው የመኰንን ብዙ ቁጥር ሲሆን ከሹመትና ከዳኝነት ጋር የተያያዘ ነው። መሳፍንት ወደ ንጉሣዊው የዘር ሐረግ ይጠጋል። ባላባት የሚለው ባለ አባት፣ ማለትም አባቱ የሚታወቅና በአካባቢው መሬት ላይ ሥር ያለው ሰው ነው። በኢትዮጵያ የነገሥታት ዘመን ራስ ወይም ደጃዝማች የሚለው ማዕረግ በንጉሥ ሹመት የሚሰጥ ነበር፤ ትልቅ ቤት መወለድ ወደ ሹመቱ የሚያቀርብ ቢሆንም የራስ ልጅ በመወለዱ ብቻ ራስ አይባልም ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ሊፈጠር የሚችለው ሹመት በሚሰጥበትና በሚነሣበት አገር ነው። ከአብዮቱ በፊት በነበረችው ፈረንሳይ ግን ከመኳንንት አባት የተወለደ ልጅ ሥልጣን ኖረውም አልኖረው ከእናቱ ማሕፀን ሲወጣ ጀምሮ የመኳንንት ወገን ነበር። ተርጓሚው ሁለቱንም «መኳንንት» ብሎ ሲጽፍ የተሳሳተ ነገር አላደረገም፤ ሌላ ቃል የለውምና። ልዩነቱን ማስታወስ የአንባቢው ድርሻ ነው።

በመሬት ቃላትም ላይ ያው ነው። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ከአንድ አቅኚ አባት የሚወለዱ ሁሉ የሚካፈሉት መብት ሲሆን፣ ጉልት ደግሞ ንጉሡ ከአንድ አካባቢ ግብር የመሰብሰብን መብት ለሹም ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥበት ሥርዓት ነበር። የእንግሊዙ ባለመሬት ይዞታ ከሁለቱም ጋር አይገጥምም፤ እንደ ርስት ለልጆች ሁሉ አይከፋፈልም፣ እንደ ጉልትም በንጉሥ ፈቃድ ብቻ አይነሣም። «ርስት» ብለን ስንተረጉመው ለመግባባት ያህል ነው።

የሙገሳና የነቀፋ ቃላትም በዚሁ ዓይን መታየት አለባቸው። እኛ «የጨዋ ልጅ» ስንል መልካም ጠባይንና መልካም ትውልድን በአንድ ቃል አጣምረን መናገራችን ነው፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ ክፉ ሰው የሚጠራበት «ቪለን» የሚለው ቃል የተገኘው በጌታ መሬት ላይ ይሠራ ከነበረው ገበሬ ስም ነው። ቋንቋው ራሱ የመደብ ፍርድ አስቀድሞ ሰጥቷል። ስለዚህ አንድ የዜና መዋዕል ጸሐፊ ሰውን «ክቡር» ወይም «ወራዳ» ሲለው፣ ስለ ጠባዩ ነው የተናገረው ወይስ ስለ አባቱ ብለን ቆም ማለት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ከምን ይኖራል?

አንድን የመኳንንት ወገን ለመረዳት ከሁሉ የሚቀናው መንገድ ገቢውን መከታተል ነው። በቶኩጋዋ ዘመን በነበረችው ጃፓን ነገሩ በግልጽ በቁጥር የተቀመጠ በመሆኑ ለጀማሪ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። የአንድ ጌታ ደረጃ የሚለካው መሬቱ በሚያስገኘው የሩዝ መጠን ሲሆን፣ መለኪያው ኮኩ 180 ሊትር ያህል ነበር፤ ይህም አንድን ሰው ለአንድ ዓመት ይቀልባል ተብሎ ይገመት ነበር። ዳይምዮ፣ ማለትም ትልቅ የግዛት ጌታ፣ ለመባል ቢያንስ 10,000 ኮኩ የሚያስገኝ ግዛት ያስፈልጋል። ከሥሩ ያሉት ሳሙራይ አብዛኞቹ መሬት የሌላቸው፣ ከጌታቸው ጎተራ ድርጎ የሚቀበሉ ሰዎች ነበሩ። ይህን ካወቅን የመደቡ መጨረሻ ለምን ያን ያህል ፈጣን እንደሆነ ይገባናል፤ አዲሱ መንግሥት በ1871 ግዛቶቹን አፍርሶ በ1876 ድርጎውን በግዴታ ወደ መንግሥት ቦንድ ሲለውጥና ሰይፍ መታጠቅን ሲከለክል፣ መሬት ያልነበረው ተዋጊ የሚመለስበት ነገር አልነበረውም።

በሩሲያ ደግሞ የባለመሬት ሀብት ይቆጠር የነበረው በስፋት ሳይሆን ከመሬቱ ጋር በታሰሩት ወንድ ገባሮች ቁጥር ነበር፤ እነርሱም «ነፍሶች» ይባሉ ነበር። በሁለት የሕዝብ ቆጠራዎች መካከል የሞተ ገባር እስከሚቀጥለው ቆጠራ ድረስ በመዝገብ ላይ በሕይወት እንዳለ ስለሚታይ ጌታው ግብሩን ይከፍልለታል። ጎጎል በ1842 ያሳተመው «የሞቱ ነፍሶች» የተሠራው በዚህች የመዝገብ ክፍተት ላይ ነው፤ ዋናው ባለታሪክ ቺቺኮቭ የሞቱትን ገባሮች በወረቀት እየገዛ ባለሀብት ለመምሰል፣ እነርሱንም አስይዞ ለመበደር ያስባል። የግብር ሥርዓቱን የማያውቅ አንባቢ ታሪኩን እንግዳ ቅዠት አድርጎ ያነበዋል፤ የሚያውቀው ግን ሰው በሒሳብ መዝገብ ውስጥ ዕቃ መሆኑን የሚያሳይ ትክክለኛ ሥዕል ያገኛል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ሕጉ በምን ይለየዋል?

ሀብትና ሕጋዊ መለያ አብረው የሚሄዱበት አገር አለ፤ የሚለያዩበትም አለ። ይህን ለማየት ፈረንሳይንና እንግሊዝን ጎን ለጎን ማስቀመጥ እጅግ ይጠቅማል።

በአሮጌው የፈረንሳይ ሥርዓት የመኳንንት ወገን የሆነ ሰው ታይ ከሚባለው ዋና ቀጥተኛ ግብር በአብዛኛው ነጻ ነበር፤ ሰይፍ ይታጠቃል፣ አንዳንድ ሹመቶችም ለእርሱ የተጠበቁ ነበሩ። በአንጻሩ በችርቻሮ ንግድ ወይም በእጅ ሥራ ቢተዳደር መብቱን ሊያጣ ይችል ነበር። ድሀ የሆነ የገጠር መኰንን ሠርቶ መብላት እየቻለ የማይሠራው ስንፍና ስለተጠናወተው ብቻ ላይሆን ይችላል ማለት ነው፤ ሕጉ ያስፈራዋል። እንግዲህ በ1789 ነሐሴ 4 ሌሊት የአብዮቱ ብሔራዊ ጉባኤ የመሬት ጌትነት መብቶችን ሲሽር፣ በ1790 ሰኔ 19 ደግሞ የዘር ማዕረግን ራሱን ሲያስቀር የተነሣው ነገር ስም ብቻ አልነበረም፤ ግብርን፣ ዳኝነትንና ሥራን የሚመለከት ሙሉ ሕግ ነበር።

በእንግሊዝ ግን ከዱክ እስከ ባሮን ያሉት አምስት ማዕረጎች ሕጋዊ መብት የሚሰጡት ማዕረጉን በእጁ ለያዘው ለአንድ ሰው ነው። የዱኩ ታናሽ ልጅ በአክብሮት «ሎርድ» ቢባልም በሕግ ፊት ተራ ሰው ነው፤ ለታችኛው ምክር ቤት ተወዳድሮ መግባትም ይችላል። በ1611 የተጀመረው የባሮኔት ማዕረግ ደግሞ በውርስ የሚተላለፍ ቢሆንም በሎርዶች ምክር ቤት ወንበር አያስገኝም። በዚህ ምክንያት የእንግሊዝ የላይኛው መደብ በሕግ ሲታይ እጅግ ጠባብ፣ በኑሮ ሲታይ ግን ሰፊ ነው፤ ዳርሲ የሚገኘውም በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

መለያው በግልጽ ገንዘብ የሆነበት ጊዜም አለ። ሶሎን በ594 ዓመተ ዓለም ገደማ የአቴናን ዜጎች በዓመት ምርታቸው በአራት ከፍሎ፣ የላይኛውን ክፍል 500 መስፈሪያ፣ ቀጣዮቹን 300 እና 200 መስፈሪያ በሚያገኙ ሰዎች ሲወስን፣ ከፍተኛ ሹመት በትውልድ ሳይሆን በምርት እንዲለካ አደረገ። ይህ ለድሀው የሚያስደስት አልነበረም፤ ነገር ግን ትውልድ አይጨመርም፣ ምርት ግን ይጨመራል። የሮማም የአውግስጦስ ዘመን ሴናተር ቢያንስ 1,000,000 ሴስተርስ ሀብት እንዲኖረው ይጠበቅበት ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ለልጅ ምን ያልፋል?

እኔ ከሦስቱ ይበልጥ የማምንበት ይህ ነው፤ የአንድን መደብ ዕድሜ የሚወስነው ከጦርነት ይልቅ የውርስ ሕግ ሆኖ አግኝቼዋለሁና። በእንግሊዝ መሬቱም ማዕረጉም ሳይከፈል ለመጀመሪያው ወንድ ልጅ ይተላለፍ ስለነበር ትልልቅ ይዞታዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይበተኑ ቆዩ፤ ታናናሾቹ ወደ ጦር ሠራዊት፣ ወደ ቤተ ክህነት ወይም ወደ ጥብቅና ይሄዳሉ። ሴት ልጆች ብቻ ያሉት አባት ደግሞ መሬቱ በውል ለወንድ ወራሽ የታሰረ ከሆነ ቤቱን ለሩቅ ዘመድ ይተዋል። በኦስተን ልብ ወለድ ውስጥ አምስቱ የቤኔት ሴቶች ልጆች አባታቸው በሞተ ማግስት ቤታቸውን ለሚስተር ኮሊንስ መልቀቅ ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው። ባል ስለማግኘት የምትጨነቀውን እናት በወሬ ወዳድነቷ ብቻ የሚስቅባት አንባቢ ይህን ሕግ ዘንግቷል፤ እርስዋ ልጆቿ የሚያድሩበትን ጣሪያ እየፈለገች ነው።

በሩሲያ ግን መሬቱ በወንድ ልጆች መካከል ይከፋፈል ነበር፤ ማዕረጉም ለሁሉም ልጆች ይተላለፋል። የአንድ ልዑል አራት ወንዶች ልጆች አራት ልዑላን ይሆናሉ፤ መሬቱ ግን አራት እጥፍ አይሆንም። ታላቁ ጴጥሮስ በ1714 መሬት ለአንድ ወራሽ ብቻ እንዲተላለፍ አዝዞ ነበር፤ ነገር ግን መኳንንቱ ራሳቸው ጠልተውት ሃያ ዓመት ሳይሞላው ተሻረ። በሩሲያ ልብ ወለዶች ውስጥ የተቸገረ ልዑል ስናገኝ መደነቅ የሌለብን ለዚህ ነው።

መግቢያው በር

የመኳንንት መደብ ሁልጊዜ ዝግ መስሎ መታየት ይፈልጋል፤ ሙሉ በሙሉ ዝግ ሆኖ የኖረ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ከሦስቱ ጥያቄዎች ጋር የበሩን ነገር መመርመር ይገባል፤ ማን፣ መቼ፣ በስንት ገባ?

ቬኒስ በ1297 የታላቁን ምክር ቤት አባልነት ለተወሰኑ ቤተሰቦች ብቻ እንዲሆን ወሰነች፤ ከ1506 ጀምሮም የእነዚህ ቤተሰቦች ልደት በመዝገብ እንዲሰፍር ተደረገ። ይሁን እንጂ ከ1645 ጀምሮ በቀርጤስ ደሴት ምክንያት ከኦቶማኖች ጋር የተደረገው ረጅም ጦርነት ግምጃ ቤቱን ባራቆተው ጊዜ 100,000 ዱካት ያመጡ ባለጸጎች በመዝገቡ ገቡ። በፈረንሳይም ነገሥታቱ ገንዘብ ሲያጥራቸው የመኳንንትነትን ክብር የሚያስገኙ ሹመቶችን ይሸጡ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር በዘር ሐረግ መጽሐፍ ውስጥ አናገኘውም፤ ገዝቶ የገባ ቤተሰብ በሁለት ትውልድ ውስጥ ጥንታዊ አያት ይፈልጋል፣ ይገኝለታልም። በመሆኑም የትውልድ ሐረግ ስናነብ ስሞቹን ከግምጃ ቤት ደረሰኝና ከሹመት ደብዳቤ ጋር ማስተያየት የመጀመሪያ ሥራችን መሆን አለበት።

ሩሲያ ሌላ ዓይነት በር ከፈተች። ጴጥሮስ በ1722 ያወጣው የማዕረግ ሠንጠረዥ የመንግሥትን አገልግሎት በ14 ደረጃዎች ከፈለ፤ በሲቪል አገልግሎት 8ኛ ደረጃ የደረሰ ሰው ለልጆቹ የሚተላለፍ መኳንንትነት ያገኝ ነበር። አሁን ጎጎል በ1842 ወዳሳተመው «ካፖርቱ» ወደሚለው አጭር ልብ ወለድ እንመለስ። ባለታሪኩ አካኪ አካኪየቪች የማዕረግ አማካሪ የሚባል ጸሐፊ ነው፤ ይህም 9ኛው ደረጃ ነው። ከበሩ አንድ ደረጃ ብቻ ይቀረዋል፤ ግን አይሻገርም። በወቅቱ የነበረ የሩሲያ አንባቢ የማዕረጉን ስም በመጀመሪያው ገጽ ሲያነብ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ኋላም በ1845 በሩ ወደ 5ኛ፣ በ1856 ወደ 4ኛ ደረጃ ከፍ ተደረገ፤ ብዙ ሰው ስለገባበት ጠበበ።

በመንግሥት አወቃቀር ላይ

ሕገ መንግሥትን ወይም የምክር ቤትን ደንብ ስናነብ ምክር ቤቱ ምን ተብሎ እንደተሰየመ ሳይሆን አባላቱን ማን እንደሚመርጥ፣ በበጀት ላይ ምን ሥልጣን እንዳለው፣ ሕግን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይችል እንደሆነ እንይ። የእንግሊዝ የሎርዶች ምክር ቤት በ1909 የቀረበውን በጀት ባለመቀበሉ በ1911 በወጣው ሕግ የገንዘብ ሕጎችን የማገድ ሥልጣኑን አጣ፤ ሌሎቹን ሕጎችም ለሁለት ዓመት ብቻ ማዘግየት ተፈቀደለት፣ ይህም በ1949 ወደ አንድ ዓመት ወረደ። በ1958 ለዕድሜ ልክ ብቻ የሚያገለግሉ፣ ሴቶችንም የሚጨምሩ አባላት ሊሾሙበት ተፈቀደ፤ በ1999 ደግሞ ከዘር ወራሾቹ 92 ብቻ እንዲቆዩ ተደረገ። የአዳራሹ ወንበርና የክብረ በዓሉ ልብስ በዚህ ሁሉ ጊዜ ብዙ አልተለወጠም፤ ሥልጣኑ ግን ከሥሩ ተሸርሽሮ አለቀ ለማለት ይቻላል።

የኢትዮጵያ የ1931 ሕገ መንግሥትም በዚሁ መንገድ ቢነበብ ይገለጣል። ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቁሟል፤ የሕግ መወሰኛው አባላት ከመሳፍንት፣ ከሚኒስትሮች፣ ከዳኞችና ከጦር አለቆች መካከል በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ሲሆን፣ የሕግ መምሪያው አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንትና በአካባቢ ሹማምንት እንዲመረጡ ተደንግጎ ነበር። በየአውራጃው የየራሱ ኃይል የነበረው መስፍን በአዲስ አበባ በተሾመበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ይህን እንደ ክብር ብቻ የሚያነብ ሰው በተመሳሳይ ጊዜ የተወሰደበትን አያይም፤ ሉዊ 14ኛ በ1682 ቤተ መንግሥቱን ወደ ቬርሳይ ባዛወረ ጊዜ ታላላቆቹን በአቅራቢያው ማኖሩ በብዙዎች ዘንድ የሚተረጎመው በተመሳሳይ መንገድ ነው።

ማዕረግ ሳይጠራ መደብ የሚገዛበት ሥርዓትም መኖሩን መርሳት አይገባም። በፕሩሲያ ከ1849 እስከ 1918 በሠራው የምርጫ ሕግ ወንዶች መራጮች በሚከፍሉት ግብር መጠን በሦስት ይከፈሉ ነበር፤ ከአካባቢው ጠቅላላ ግብር አንድ ሦስተኛውን የሚሸፍኑት ጥቂት ባለጸጎች፣ በሺህ የሚቆጠሩት ድሆች የሚመርጡትን ያህል ወኪል ይመርጡ ነበር። በሕጉ ውስጥ ባሮንም ሆነ ኮንት የሚል ቃል አያስፈልግም ነበር።

የገበሬውን ድምፅ መፈለግ

የምናነባቸው ምንጮች አብዛኞቹ በመኳንንቱ ወይም በመኳንንቱ ቤት በሚኖሩ ጸሐፊዎች የተጻፉ ናቸው። ዜና መዋዕል፣ ማስታወሻና የዘር ሐረግ ከላይ ወደ ታች ያያሉ። ከታች ወደ ላይ የሚያዩትን ለማግኘት የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የግብር ዝርዝር፣ የአቤቱታ ደብዳቤና የይዞታ ውል መፈለግ ያስፈልጋል። በ1789 የፈረንሳይ ጉባኤ ሲጠራ በየመንደሩ የተዘጋጁት የብሶት መዝገቦች ለዚህ ታላቅ ሀብት ናቸው፤ ሆኖም ብዙዎቹን የጻፉት የአካባቢው ሕግ አዋቂዎች በመሆናቸው ቃላቱ የገበሬው፣ አቀራረቡ ግን የጠበቃ የሆነበት ጊዜ አለ። ሁለቱን ለይቶ ማዳመጥ ትዕግሥት ይጠይቃል።

በልብ ወለድና በተውኔት ላይ

በሥነ ጽሑፍ ውስጥ መደብ በግልጽ ከሚነገርበት ይልቅ በትንንሽ ነገር የሚታይበት ይበዛል፤ ማን በስሙ፣ ማን በማዕረጉ ይጠራል፣ ማን ሳይጋበዝ ይቀመጣል፣ አገልጋዩ በክፍሉ ውስጥ እያለ ጌቶቹ ምን ያወራሉ። በተለይ በአማርኛ ለሚያነብ ሰው የምሰጠው ምክር የ«አንተ»ን እና የ«እርስዎ»ን አጠቃቀም ልብ እንዲል ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ስለሚገልጽ፣ ከእንግሊዝኛ በተተረጎመ ልብ ወለድ ውስጥ ጌታው ገበሬውን አንተ ማለቱን፣ ገበሬውም ጌታውን እርስዎ ማለቱን የወሰነው ተርጓሚው ነው። ከሩሲያኛ ወይም ከፈረንሳይኛ በቀጥታ ከተተረጎመ ግን ልዩነቱ በዋናው ጽሑፍ ውስጥም አለ። አንድ ባለታሪክ በመሐል ከእርስዎ ወደ አንተ ሲሻገር ብናይ፣ ሽግግሩ የደራሲው ነው ወይስ የተርጓሚው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ብዙ ጊዜ የታሪኩ መዞሪያ እዚያ ላይ ነውና።

ደራሲው ራሱ ከየት ቆሞ እንደሚያይም እንይ። ቦማርሼ በ1784 በፓሪስ ባቀረበው «የፊጋሮ ጋብቻ» ውስጥ አሽከሩ ስለ ጌታው ሲናገር፣ ይህን ሁሉ ክብር ለማግኘት ከመወለድ በቀር ምን ደከምህ የሚል ሐሳብ ያነሣል። ሉዊ 16ኛ ተውኔቱ እንዳይታይ ለዓመታት ከልክሎት ነበር። በጣም ያጨበጨቡለት ግን በአዳራሹ የተቀመጡት መኳንንት ራሳቸው ነበሩ፤ የሚወድቅ መደብ መውደቁን ሁልጊዜ እንደማያይ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም።

አንድ ተውኔት ይዞ መለማመድ

ይህን ሁሉ ለመለማመድ በ1904 በሞስኮ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውን የቼኾቭን «የቼሪ አትክልት» የሚተካከል የለም፤ አጭር ነው፣ ሦስቱም ጥያቄዎች በውስጡ አሉ። በአንድ ወረቀት ላይ የባለታሪኮቹን ስም በተርታ እንጻፍና ለእያንዳንዱ እንጠይቅ።

ራኔቭስካያና ወንድሟ ጋዬቭ ከምን ይኖራሉ? በመያዣ ከተያዘ መሬት፣ ማለትም ከዕዳ። ነሐሴ 22 ቀን መሬቱ በሐራጅ እንደሚሸጥ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ይታወቃል፤ እነርሱ ግን ስለ ልጅነታቸው ይነጋገራሉ። ሎፓኺን ከምን ይኖራል? ከንግድ። አባቱና አያቱ በዚሁ መሬት ላይ ገባሮች ነበሩ። አትክልቱ ተመንጥሮ መሬቱ ለበጋ ቤቶች እንዲከራይ ደጋግሞ ይመክራቸዋል፤ እነርሱ ምክሩን ዝቅ ያለ ነገር አድርገው ይቆጥሩታል። የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ማን መሬቱን እንደሚያጣና ማን እንደሚያገኘው ይነግረናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ገባሮቹ በ1861 ነጻ ስለወጡ በሕግ ረገድ ብዙ ነገር አልፏል። ይሁን እንጂ ልማዱ አላለፈም። ጋዬቭ ስለ አንዲት ባለጸጋ አክስታቸው ሲናገር ኮንቴሷ የማትወዳቸው እኅቱ የመኳንንት ወገን ያልሆነ ጠበቃ ስላገባች መሆኑን ያነሣል፤ ገንዘቧ የሚያስፈልጋቸው በዚያው ሰዓት ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ ስንጠይቅ ደግሞ ለልጅቷ ለአኒያ የሚተርፍ ምንም ነገር እንደሌለ እናገኛለን፤ ጋዬቭም በመጨረሻ በዓመት 6,000 ሩብል ተቀጥሮ ባንክ ይገባል፣ ማለትም ከዘር ወደ ደመወዝ ያልፋል። ሎፓኺን በሐራጁ ከዕዳው በላይ 90,000 ሩብል ጨምሮ ሲገዛው፣ አባቱና አያቱ ወደ ማእድ ቤቱ እንኳ እንዳይገቡ ይከለከሉበት የነበረውን ቤት መግዛቱን እየጮኸ ይናገራል። ደስታውና ሕመሙ እንደተቀላቀሉ ልብ እንበል፤ አትክልቱን የሚያስቆርጠው እርሱ ነው፣ ራኔቭስካያንም ከልቡ ይወዳታል።

በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ሽማግሌው አሽከር ፊርስ አለ። እርሱ ነጻነቱ በታወጀ ጊዜ አልተቀበለውም፤ ከጌቶቹ ጋር መቆየትን መረጠ፣ አዋጁንም እስከ ዛሬ «መዓት» እያለ ይጠራዋል። ከምን ይኖራል ብለን ስንጠይቅ ከጌቶቹ ቸርነት፤ ሕጉ በምን ይለየዋል ስንል በምንም፣ ነጻ ሰው ነውና፤ ምን ያወርሳል ስንል ባዶ እናገኛለን። ቤተሰቡ ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ ሁሉም ሰው ፊርስ ወደ ሐኪም ቤት ተወስዷል ብሎ ያስባል፤ አልተወሰደም። በሩ ከውጭ ከተቆለፈ በኋላ ታሞ ይወጣና እጀታውን ይሞክራል፣ መቆለፉን ያያል፤ ጌታው ጋዬቭ ወፍራሙን ካፖርት ሳይለብስ ሄዶ ይሆናል ብሎ እየተጨነቀ ጋደም ይላል። ከውጭ የመጥረቢያ ድምፅ ይሰማል።